በዝናብ የማይወጣው ድንኳን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዛሬ የጎረቤቴ የእማማ ከድጃ ለቀስተኛ በዝናብ ተደበደበ። ሦስቱ የአርዲቦ ሐይቅ ዳር መንደሮች ቅሬያቸውን፣ የለቅሶ እድራቸውን፣ አንድ አድርገው እኔን ዳኛ ሲያደርጉኝ ድንኳኑም የጋራ ሆኖ ነበር፤ የሚቀመጠው ግን ላይ ሰፈር ነው። ላኩልን ብዬ ስደውል የዚያ ሰፈር ሰብሳቢ ሁሴን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ዳኛ፣ በዝናብማ አንሰጥም፤ ይበሰብሳል።»

«ታዲያ ለበጋ ነው የገዛነው?»

«መለመን ትችላለህ፤ ማዘዝ ግን አልተሰጠህም።»

ወላሂ እውነቱን ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። አንድ ሆንን ስንል ማንም መንደር የራሱን ሥልጣን አልለቀቀም። ዳኛ ያሉኝ ዱዓ እንዳደርግ ብቻ ኖሯል።

ከመግሪብ በኋላ የእህቴ ልጅ ዘይነባ ለፈተና ስታጠና አነበበችልኝ። አሜሪካ ገና አገር ስትሆን የመሀሉ መንግሥት ግዛቶቹን ወታደርና ግብር ይለምን ነበር እንጂ ማስገደድ አይችልም ነበር።

«የነሱም ዳኛ እንደኔው ነበር በያ።»

«ኋላ ግን ሥልጣን ሰጡት፣ አጎቴ።»

«ከግዛቶቹ ማን ቀድሞ እሺ አለ?»

«እሱ ለፈተና አይመጣም።»

የሟቿ ልጅ ጋቢ እኛ ቤት ምድጃው አጠገብ ተሰቅሎ ገና ያንጠባጥባል። ድንኳኑ ደረቅ ነው።