የቁስቋሙ ቤት እድሳትና የእኅቴ የመንበረ ነገር

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። እኔ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ወልደ ዮሐንስ፣ የጎንደር ቁስቋም ነዋሪ፣ ዛሬ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ይህን ቃሌን ሳስጽፍ የልብ ሕመም ይዞኛል፤ አእምሮዬ ግን እንደ ቀድሞው ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ከጾመ ድጓው ያሻውን ይጠይቀኝ። ያስገደደኝም ያግባባኝም የለም። ሐኪሙ ለክረምት እንደማልደርስ ነግሮኛል፤ ብዙ ሰው ስለ ቀበርሁ ነገሩ አላስደነገጠኝም።

አንደኛ። መጻሕፍቴ ለደብሩ ይሰጡ። አራዳ ሱቅ ያላት ልጄ ዝማሬ የእናቷን የአንገት መስቀልና ሳጥኑን ትውሰድ። ሳጥኑ ሲከፈት ይጮሃል፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ እሷ ዘይት ትቀባው።

ሁለተኛ። የድንጋይ ቤቴ ለዝማሬና ለልጄ ለአብዮት እኩል ይሁን። ነገር ግን እኅቴ መንበረ በሕይወት እስካለች ድረስ አይሸጥም፣ አይከራይም። ምክንያቱን ልጆቼ እንዲያውቁት አስጽፋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው አብዮት ቤቱን ላሳድስላችሁ ብሎ መቅደላዊት የምትባል ዲዛይነር አመጣ። በልቡ ያሰበው የእንግዳ ማረፊያ ነበር፤ ገብቶኝም አልከለከልሁት። ልጅቱ ጨዋ ናት። በንድፏ መሠረት የሳሎኑ ግድግዳ ቦታ ሊቀይር፣ በሩ ወደ መንገዱ ሊዞር፣ የእኔ አልጋ ያለበትም ማድ ቤት ሊሆን ነው። መንበረን ስታማክራት ለሁሉም «ሸጋ ነው ልጄ፣ ሸጋ ነው» አለቻት። እኅቴ አዲስ ነገር እንዲህ መውደዷ ገረመኝ።

በማግስቱ መቅደላዊት አዲሱን ግድግዳና በር ሊሾው ላይ በጠመኔ አሰመረችና፣ እንድንለምደው ተመላለሱበት አለችን። እኔ በመቋሚያዬ ተደግፌ መስመሩን ተከትዬ ሄድሁ። መንበረ ግን በተሰመረው ግድግዳ መካከል አልፋ፣ የአልጋዬን ጠርዝ በእጇ ነክታ፣ ወደ ድሮው በር ታጠፈች። ግድግዳ ሰንጥቀሽ ሄድሽ ብዬ ሳቅሁባት።

«የምን ግድግዳ?» አለችኝ።

መቅደላዊት ቀረብ ብላ እጇን በመንበረ ፊት አወዛወዘች፤ መንበረ ዓይኗን አላርገበገበችም። አንድ ቤት አብሬያት እየኖርሁ ዓይኗ መጥፋቱን አላወቅሁም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ነጠላዬን ታጣጥፋለች፣ ከቤቱ ዕቃ አንድም ከቦታው አይታጣም፤ በምን ልወቅ? ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ጊዜው አልፏል ተባልን። ለምን እንደ ደበቀችኝ ስጠይቃት፣ «ብነግርህ ለዝማሬ ሰጥተህ ከዚህ ቤት ታስወጣኝ ነበር አያ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አደርገው ነበር። አዝኛለሁ፤ ይህም ይጻፍ።

መቅደላዊት ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ንድፉንም እንደ አዲስ ሠራችው።

ሦስተኛ። ቤቱ የሚታደሰው ከዚህ ጋር በተያያዘው በሁለተኛው ንድፍ ብቻ ነው። ጣሪያው ይቀየር፤ ከመንበረ መኝታ አጠገብ መጸዳጃ ቤት ይሠራ፤ የውጭው ደረጃ መደገፊያ ይግባለት። በሩ፣ ግድግዳውና ሊሾው አይነኩ። ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ስንጥቅ እንኳ አይደፈን፤ በእግሯ ታውቀዋለች። መስኮቱም ድምፅ የሚከለክል መስታወት አይግባበት፤ ታማ ስትቀር ቅዳሴውን ከዚያ ትሰማለች። አብዮት ቅር ይለው ይሆናል። ልጄ፣ የእንግዳ ማረፊያህን ጓሮው ላይ ሥራ፤ ቦታው ይበቃሃል።

አራተኛ። መቋሚያዬ ለመንበረ ነው። ቤት ውስጥ አያስፈልጋትም፤ ደጅ ስትወጣ ትያዘው። ይህን ሳስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና፣ «የመሪጌታ መቋሚያ ይዤ ሲያዩኝ ማኅሌት ልትቆም ነው ይሉኛል አያ» አለች። ይበሉ።

አምስተኛ። ስሞት ልብሴንና ፍራሼን ለድኻ ስጡ። አልጋውን ግን ባዶውንም ቢሆን ከቦታው አታንሡት። ለቅሶ ደራሽ ሲበዛ ቤት ለማስፋት ዕቃ ማውጣት ልማዳችን ነው፤ ያን ቀን ሌላውን ሁሉ አውጡ፣ አልጋዬን ተዉት። መንበረ ወደ በሩ የምትታጠፈው እሱን ነክታ ነው። እኔን ባጣችበት ቀን መንገዷንም እንዳታጣ።

ይህ ቃሌ አራቱ ምስክሮች ባሉበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ፣ የተናገርሁት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ወልደ ዮሐንስ (ፊርማ)

ሲነበብ ሰምተን የፈረምን ምስክሮች፦
መምሬ ገብረ ሚካኤል፣ የንስሐ አባት (ፊርማ)
አያ ዋኘው፣ ጎረቤት (የጣት አሻራ)
መቅደላዊት፣ ንድፉን የሠራች (ፊርማ)
አድማሴ፣ የኑዛዜው ጸሐፊ (ፊርማ)