ከፊት የተቀመጠው ይናገራል

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግርዎ ሳልስ ተሻለዎት ወይ? እኔ ክርኔ ላይ ትንሽ ቆዳ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ፤ የእሱንም ነገር እነግርዎታለሁ። የጎደለኝ የእርስዎ ድምፅ ነው። በደወልኩ ቁጥር እህቴ "ተኝተዋል" ትለኛለች። አባቴ ከመቼ ወዲህ ነው በጠራራ ፀሐይ የሚተኙት ብዬ ብጠይቃት ወሬ ቀየረችብኝ። እኔም ገባኝ። ስልኩን አልቀበልም ማለት ይችላሉ፤ ልጅዎ አጠገብዎ ቁጭ ብላ የምታነበውን ወረቀት ግን እንዴት አድርገው ይዘጉታል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

እህቴ፣ አንቺም እንዴት ነሽ? ስታነቢላቸው አደራ፣ አንድም ቃል አትዝለዪ። ልጆች ሳለን የፈተና ውጤቴን ስታነቢላቸው ዝቅ ያለችውን እየዘለልሽ ታልፊልኝ ነበር። ያኔ አመስግኜሻለሁ፣ ዛሬ ግን ያን ውለታ አልፈልገውም። የሚቀጥለውን ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አባባ፣ ባለፈው ዓመት "ዓይኔ ጨርሶ ሳይጨልም ናና ፊትህን ልየው" ብለው ልከውብኝ ነበር። እኔም ፈቃድ ከለከሉኝ አልኩዎት። ማንም አልከለከለኝም። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አለቃችን ፈቃዴን በፈለግሁ ጊዜ እንድወስድ ፈርማልኝ ነበር። ያልመጣሁት ፈርቼ ነው። የሰው ግድግዳ ላይ ያለውን የውኃ ቆጣሪ ከብስክሌትዎ ሳይወርዱ ያነቡ የነበሩት አባቴ፣ ብርጭቆ ፍለጋ ጠረጴዛ ሲዳብሱ ቆሜ ማየት ፈራሁ። እኔ ካላየሁት ያልሆነ መሰለኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ የማሳብበው ነገር የለኝም።

ያን ፈቃዴን ምን አደረግሁት ይሉኝ ይሆናል። በብስክሌት ሽርሽር ጨረስኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት።

የምሠራው ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ማሽኖቹ ሲንጫጩ ይውላሉ፣ እንፋሎቱ ቅንድብ ላይ ይንጠባጠባል። እኔና የሥራ ባልደረባዬ የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናጥፍ፣ ስንለያይና ስንገናኝ ይመሻል። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ቀጭን ስለሆነና ከእጁ ግራሶ ስለማይጠፋ ካቴና እንለዋለን። እሱ ነው "እዚህ ምድር ቤት ሻጋታ ልታበቅል ነው" ብሎ ጎትቶ ማኅበራቸው ውስጥ ያስገባኝ። ማኅበሩ ባለሁለት ወንበር ብስክሌቶች አሉት። ከፊት የሚያይ ሰው ይቀመጣል፣ ከኋላ ዓይነ ስውር፤ ሁለቱም ይረግጣሉ። መሪውም፣ ፍሬኑም፣ ማርሹም ከፊተኛው ዘንድ ነው። ከኋላ የተቀመጠው ያለው ነገር እግሩና እምነቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ አላቸው፤ ከፊት የተቀመጠው ይናገራል። ጉድጓድ ከሆነ ጉድጓድ፣ ዳገት ከሆነ ዳገት፣ ፍሬን ልይዝ ነው፣ ወደ ግራ ልንታጠፍ ነው፤ ነገሩ ሳይደርስ ቀድሞ ይናገራል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ የሚያየውን ሁሉ ያወራል።

የመጀመሪያው ቀን የማኅበሩ አሠልጣኝ ይህን ሥራ የት ተማርከው አለኝ። ለእሱ ሳቅ ብዬ አለፍኩት፤ ለእርስዎ ግን ልንገርዎት። ከእርስዎ ጀርባ ነው የተማርኩት። ከብስክሌትዎ የኋላ መጫኛ ላይ አስቀምጠውኝ ቆጣሪ ሊያነቡ ሲዞሩ፣ ከዝናብ ካፖርትዎ በቀር የሚታየኝ ነገር አልነበረም። እርስዎ ግን አፍዎ አይዘጋም ነበር። ውሻ መጣ እግርህን ሰብስብ፣ ሴትዮዋ ልብስ አስጥታለች አንገትህን ዝቅ፣ አናጢው ዛሬም በር ሲቸነክር ጣቱን መታ። አልፎ አልፎም ይጨምሩበት ነበር። አንድ ቀን "ዝሆን እያለፈ ነው፣ ዝም ብለህ ያዘኝ" ብለውኝ ወገብዎን አንቄ እየተንቀጠቀጥኩ ቤት ገብቻለሁ። እህቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ማኅበሩ በዓመት አንድ ጊዜ ረጅም ጉዞ አለው። ዘንድሮ አንዱን ወንዝ ከተራራው ግርጌ ጀምሮ፣ ጥንታዊ መንደሮችን እያቋረጡ እስከ ትልቁ ከተማ መውረድ ነበር። እኔም የአንዲት ልብስ ሰፊ ፊተኛ ሆኜ ተመዘገብኩ። ዓይኗ በጎልማሳነቷ ነው የጠፋው፤ አሁንም ቁልፍና እጅጌ በጣቷ እየዳሰሰች ትተክላለች። ቁጡ ናት፣ ግን ቁጣዋ አያድርም። ልንነሳ ስንል እህቴ ደወለች። የዓይንዎ ብርሃን ጨርሶ መጥፋቱን ነገረችኝ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ግቢው በር አዙረውት ይቀመጡበት የነበረውን ወንበር ወደ ግድግዳው አዙሪልኝ እንዳሏትም ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሻንጣዬን አስሬ ወደ ጉዞው ሄድኩ። ሴትዮዋ ትጠብቀኛለች፣ ሰው ቀጥሮ መቅረት ነውር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እርስዎን ዓመት ሙሉ ያስጠበቅሁ ሰው ነኝ እንዲህ የምለው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ደስ ማለቴ ነው አባባ። ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ላይ ሲነሳ፣ ሸለቆው ቀስ እያለ ይገለጥ ነበር። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የተጠመጠመ የወይን ተክል፤ ውኃው አንዴ ከእኛ ጎን አንዴ ከታች ይሮጣል። ጎማው ደረቅ አፈር ላይ ሲንሸራሸር ድምፁ እንኳን ያጠግባል። ሴትዮዋ "ወንዙ ምን ዓይነት ነው?" ስትለኝ የታጠበ ጂንስ ነው የሚመስለው አልኳት፤ ከልብስ ማጠቢያ የተገኘ ሰው ሌላ ምን ይላል። ሳቀች። መንደር ስንገባ የተዘነበለውን የድንጋይ በር፣ የቆመውን የወፍጮ መንኮራኩር፣ ጠባቧን መንገድ ሁሉ ነገርኳት። ዝሆንም አሳልፌባታለሁ። ለባዕድ ሰው ዓይን ሆኜ እንዲህ ስለፈልፍ፣ የገዛ አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ይህን እያወቅሁ እስቅ ነበር።

አንዱ መንደር ግን ለእርስዎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ወንዙ ባለፉት መቶ ዓመታት ሞልቶ በወጣ ቁጥር፣ ውኃው የደረሰበትን ልክ ከቤተ መዘክሩ ግድግዳ ላይ በመስመርና በቁጥር ቀርጸውታል። አንዱ ከጉልበቴ በታች ነው፣ አንዱ ከራሴ በላይ። ሴትዮዋ መስመሮቹን በጣቷ ወጣች፤ የመጨረሻዋን ለመንካት በእግር ጣቷ ቆመች። እኔ ደግሞ አባቴ ቢኖሩ ይሄ ግድግዳ አይደለም፣ የመንደሩ ቆጣሪ ነው ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጡም።

ከዚያ መንደር ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ጥርብ ድንጋይ ነው። ስንወርድ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መንገዱ ዞረው ተቀምጠዋል። ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። አየኋቸውና አፌ ተያዘ። ድንጋዩን የሚያቋርጠውን የውኃ ቦይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ለማለት ግን ድምፅ አልወጣልኝም። የፊቱ ጎማ ገባ፣ ብስክሌቱ ተገለበጠ። እኔ ክርኔ ነው የተላጠው። እሷ ግን በእጇ ነው ያረፈችው፤ አውራ ጣቷ ወለም አለ። የልብስ ሰፊ አውራ ጣት፣ አባባ።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መንገድ ዳር ካለ ግንብ ሥር ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ "ዝም ያልከው ምን አይተህ ነው?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከፈቃዱ ውሸት ጀምሮ እስከ ወንበሩ። ከእንግዲህ ፊቴን እንደማያዩት፣ ይህም የእኔ ጥፋት እንደሆነ ስናገር እንባዬ መጣ። በእጃቸው ቢዳስሱኝ እንደማየት አይሆንላቸውም አይደል ብዬም ጠየቅኋት። እሷ ተቆጣች።

"ፊት መዳሰስ ምን ይጠቅመኛል? እኔ ጉድጓድ አልፈራም፤ ጉድጓድ ነው ካልከኝ እዘጋጃለሁ፣ ብወድቅም እነሳለሁ። የምወድቀው አንተ ዝም ስትል ነው። አባትህም ያጡት ድምፅህን ነው፤ እሱን ደግሞ የነፈግሃቸው አንተው ነህ።"

የማኅበሩ ሰዎች ጣቷን አስረውላት ሻንጣ በሚጭነው መኪና ሄደች፤ እኔ ባለሁለት ወንበሩን ብቻዬን ነዳሁ። የዚያ ብስክሌት ፔዳሎች በአንድ ካቴና የታሰሩ ናቸው፤ እኔ ስረግጥ ከኋላዬ ያሉት ባዶዎቹም አብረው ይዞራሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ከዚያ ሳላስበው መናገር ጀመርኩ። ጉብታ መጣ፣ በቀኝ በኩል ደወል ቤት አለ፣ አንዲት ሴት ምንጣፍ እያራገፈች ነው። ብስክሌተኞቹ አበደ ብለው ይሆናል። እስከ ትልቁ ከተማ ድረስ ሁሉንም ለእርስዎ ነገርኩ።

እንደተመለስኩ አለቃችን ዘንድ ገባሁ። ፈቃድህን ጨርሰሃል አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ለመንኳት። ፊቷን አጨማደደችና የሆቴሉ እንግዳ ሲቀንስ፣ ያለ ደሞዝ ከሆነ ሂድ አለችኝ። እንግዳው የሚቀንሰው በሚቀጥለው ወር ነው። ልብስ ሰፊዋም ጣቷ እየዳነላት ነው፤ ከአባትህ ዘንድ እስክትመለስ ሌላ ፊተኛ አልፈልግም ብላለች፣ ሳይናገሩ ከሚሄዱት አንተ ትሻላለህ ብላ።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አላጣድፍዎትም። እርስዎ ፊቴን ለማየት ዓመት ሙሉ ጠብቀዋል፣ እኔም የፈለጉትን ያህል እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ስደውል ስልኩን ይቀበሉኝና ይቆጡኝ። እንደ ልብዎ ይስደቡኝ። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ለአማችዎ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ እርስዎን በቀስታ እየደገፈ ወደ ደጅ ያወጣዎታል ብላ እህቴ ስትነግረኝ፣ የእኔን ሥራ የሚሠራልኝ ወንድም አለኝ ብዬ አመሰገንኩም፣ አፈርኩም። ጫማዎን እየደበቀች የምታስቅዎትን ትንሿን የልጅ ልጅዎን ይሳሙልኝ፤ አጎትሽ ሲመጣ የእሱንም ትደብቂያለሽ ይበሏት። እሑድ እሑድ ጢምዎን የሚላጭልዎ ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካይም እንዴት ነው? የእኔን ራስ ሲያይ ሥራ እንደቀነሰለት ያውቃል፤ ግንባሬ ልክ እንደ እርስዎ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ፊቴን ካሉ እንግዲህ ይኸው ነው፤ በእርስዎ ግንባርና በእናቴ አፍንጫ ይሣሉት፣ ብዙም አይስቱም።

እህቴ፣ ሸክሙን ሁሉ ለአንቺ ትቼ ሄጃለሁና አንቺንም ከአባባ እኩል በድያለሁ። ስመጣ ታርፊያለሽ። እስከዚያ የአባባን ብስክሌት ከዕቃ ቤቱ አውጥታችሁ ጎማውን አስነፉልኝ። አባባን ከኋላው መጫኛ ላይ አስቀምጬ ገፍቼ እሄዳለሁ፤ ድሮ የዞርንባቸውን በሮች ሁሉ እንዞራለን። ወንበራቸውን ግን ወደ በሩ አታዙሪው፣ ባለበት ይሁን። ከግቢው በር ጀምሬ እየተናገርኩ እገባለሁ፤ የቱ ጋ እንደደረስኩ ያውቃሉ።

ዝሆን ካለፈም እነግርዎታለሁ፣ አባባ።

ልጅዎ

ከወንዙ ዳር ከተማ፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት
ሰኔ 11 ቀን