የሚንቀጠቀጡት አበቦች

አባዬ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግልህና፣ ሙት ዓመትህ ደረሰ። ነፍስህ ካለችበት ሆና ብትሰማኝ ብዬ፣ እኔ ልጅህ ብዙነሽ አንተው ባስቆጠርከኝ ፊደል ይህን እጽፍልሃለሁ።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ አንኮበር ጭር ብላለች፤ ሥዕል የሚያሠራም ጠፋ። እማዬ በርጩማህ ላይ ሰው አታስቀምጥም። ጉሙ ወደ ቤት ሲገባ፣ የሙጫ ድስትህ ከደረቀ ቆይቶ ሳለ ሽታው አብሮ ይመጣል። እማዬ ታማትባለች። እኔ ግን ዞር ብዬ በርጩማውን አያለሁ። እፈራሃለሁ፤ ደግሞም ብትመጣ እወዳለሁ።

ጅምርህን ጨረስኩት። የእመቤታችንን ሥዕል ማለቴ ነው፤ ፊቷንና ልጇን፣ ሰማያዊ ካባዋን ጨርሰህ፣ ከእግሯ በታች ያሉትን አበቦች በከሰል ብቻ ነድፈህ ተለየኸን። የደብሩ አለቃ ለበዓሏ ካልደረሰ ለሌላ ሠዓሊ እንሰጠዋለን አሉ። ያንተ እጅ በሌላ ሰው ቀለም ሊሸፈን! እኔው እጨርሰዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

በሽታው ከጣለህ በኋላ መደብ ላይ ተደግፈህ ያስተማርከኝን አንድም አልረሳሁ። አቡጀዲው ሙጫና ኖራ ይቀባ፣ በደንብ ይድረቅ። መጀመሪያ የአበባዋ እምብርት፤ ከዚያ በመስቀል አምሳል አራት ቅጠል፤ የቀሩት በመካከል ይገባሉ። ቢጫው ሳይደርቅ በጥቁር አትክበቢ፣ ትንፋሽሽንም ያዢ። ስቸኩል፣ አደይ አበባ እንኳ ዓመት ጠብቃ ነው የምትፈነዳው እያልክ ትስቅብኝ ነበር። እጅህ ሲሄድ እንዳየሁት፣ የቅጠሎቹን ጠርዝ እያንቀጠቀጥኩ ከበብኩ።

እማዬ ሥራዬን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያ መንቀጥቀጥ ሕመሙ እንጂ ጥበቡ አልነበረም አለችኝ። አላመንኳትም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በደኅናው ጊዜ የሠራኸውን ሥዕል አየሁ፤ አበቦችህ አንድም የሚንቀጠቀጥ መሥመር የላቸውም። አባዬ፣ እኔ የተማርኩት ሞትህን ነው።

አለቃም ይህ ለእመቤታችን አይሆንም፣ ይስተካከል አሉ። ጠርዙን ሁሉ በቢጫ ሸፍኜ፣ በረጋ እጅ እንደ አዲስ ከበብኩት። ቀለሙ ከጉሙ የተነሣ ሳይደርቅ አድሮ፣ ሲነጋ የሚንቀጠቀጠው መሥመር ከሥር ወጥቶ ጠበቀኝ። ደገምኩት፤ ደግሞ ወጣ። ያን ጊዜ ከበርጩማው በኩል ሳልህን የሰማሁ መሰለኝ፤ ዞር ለማለት አንገቴ እምቢ አለኝ። ቀለሙም አለቀ፣ በዓሉም ደረሰ። አለቃ መጥተው ቀረብ ብለው አዩና፣ በቃ፣ አባትሽ ራሱ ነው፣ ይለጠፍ አሉ።

አሁን ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ነው። ተሳላሚው ሁሉ፣ እመቤታችን ስታልፍ ነፋስ የነካቸው አበቦች ናቸው ይላል። እኔም አላርመውም። መቀቢያህን ባነሳሁ ቁጥር ጣቴ ቀድሞኝ ይንቀጠቀጣል፤ ይተወኝ ብዬም አልጸልይም።

ጤነኛ እጅህን እነዚያ የድሮ አበቦችህ ይዘውልሃል። የታመመው እጅህ ግን ከእኔ ጋር ነው፤ እስክሞት አልለቀውም።