«ምንም አልበቀለም» ስለተባለው የእህቴ መግል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ ሆድዎም ከማናቸውም ቁርጠት የራቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ እርስዎ ወደሚመሩት ሆስፒታል በሽተኛ ሆነው መምጣት ግድ እንዳይሆንብዎት።

እኔ በትርፍ አንጀት እርስዎ ዘንድ ገብታ ሬሳ ሆና የወጣችው ጸጉር ሠሪ ታላቅ ወንድም ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሁላችንንም ማዘዝ ስለምትወድ በቤት ውስጥ «እሜቴ» እንላት ነበር። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቀዶ ሐኪምዎ አመሰግናለሁ፤ ይኼኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። የፈነዳውን ትርፍ አንጀት አውጥቶ፣ ሆዷ ውስጥ የቋጠረውን መግል አጥቦ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ይታወቅ ብሎ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከ። እሜቴም ትንሽ ሻል ሲላት ከጎኗ የተኙትን እናት ጸጉር ማበጠር ጀመረች። «እዚህ የገባሁት ደንበኛ ፍለጋ ነው» ትል ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ላቦራቶሪዎ መልስ አመሰግናለሁ። ውጤቱ «ምንም አልበቀለም»፣ ማለትም ከናሙናው ባክቴሪያ አልተገኘም፣ የሚል ነበር። እኛ የዋሆቹ ደስ አለን፤ የተለመደው መርፌም ቀጠለ። ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። ማበጠሪያውን ከእጇ ያስቀመጠች ዕለት፣ «ጋሼ፣ ምንም የለም አሉ አይደል? ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚያቃጥለኝ?» አለችኝ። ትራሷን አስተካከልኩላት።

መልሱን ከቀብሯ በኋላ የነገረችኝ የላቦራቶሪዎ ባለሙያ ናት። አንጀት ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አየር ሲነካቸው ይሞታሉ፤ ስለዚህ ናሙናቸው ታሽጎ ሊመጣ፣ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ለቀናት ሊያድግ፣ ከዚያም መድኃኒቱ ሁሉ በየተራ ሊሞከርባቸው ይገባል። የእህቴ መግል ግን በጥጥ ተወስዶ፣ ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ ውሎ ነው የደረሰው። «እኛ ጋ ሞቶ መጣ፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ግን አልሞተም» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ስላስገቡኝ አመሰግናለሁ። ያ አየር የማያስገባ ዕቃ ሲመረቅ ከእንግዶች ጋር የተነሳው ፎቶ ግድግዳዎ ላይ መሰቀሉን ያየሁት እዚያ ነው። ዕቃው ውስጥ ገብቶ አየሩን የሚመጥጠው ከረጢት ግን፣ ባለሙያዋ እንደነገረችኝ፣ ካለቀ ቆይቷል፤ ይገዛ ያለም የለም። እርስዎም በትሕትና፣ «ይኼ ምርመራ ጊዜ ይፈጃል፤ ትልልቆቹ ሆስፒታሎችም ሁልጊዜ አይሠሩትም፤ ሐኪሞቻችን በልምድ ያውቁታል» አሉኝ። ልምዱን አከብራለሁ። የእህቴ ባክቴሪያ ግን ስለ ልምዱ አልሰማም ነበር።

እሜቴ ገና በሕይወት ሳለች፣ ትኩሳቷ አልወርድ ሲል፣ ቀዶ ሐኪሙ ሁለተኛ ጊዜ መግሉን በመርፌ ስቦ፣ በደንብ አሽጎ ሌላ ከተማ ላከው። ውጤቱ የደረሰን ከቀብር ከተመለስን በኋላ ነው። ስትወጋ የከረመችው መድኃኒት ባክቴሪያውን ንክች እንደማያደርገው፣ ሌላው ግን እንደሚገድለው ይናገራል። ሌላው መድኃኒት በእርስዎ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ሄጄ አየሁት። ፋርማሲስቱ «ማዘዣ ይዘዋል?» ሲለኝ፣ «አይ፣ ላየው ብቻ ነው» አልኩት።

አራተኛ ብዬ የጀመርኩትን ሰርዤዋለሁ።

ክቡርነትዎ፣ እንዲቀጣልኝ የምፈልገው ሰው የለም። ምርመራውን መሥራት እስክትችሉ ድረስ «ምንም አልበቀለም» ማለቱን ትታችሁ «ይህን መመርመር አልቻልንም» ብላችሁ ጻፉልን። ያን ጊዜ ይህን ብባል ኖሮ እሜቴን በጀርባዬ አዝዬም ቢሆን ሌላ ከተማ እወስዳት ነበር።

ስለ ትዕግሥትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣
እህቱ በልምድ የታከመችለት አክባሪዎ

ማሳሰቢያ፦ ሆስፒታልዎ በእህቴ ስልክ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል መልእክት ልኮላታል፤ ስለ አሳቢነታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እስካሁን አልመለሰችም። ዝምታዋን «ምንም ቅሬታ የለም» ብላችሁ እንዳትመዘግቡት በትሕትና እለምናለሁ።