የሲስተር ቋጠሮ

ውድ ሲስተር፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ አትውጪ ያለሽን ሐኪም እንደማትሰሚው አውቃለሁ። ነርስ ሆና ሐኪም የምትሰማ ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም። እኔ ደህና ነኝ፤ ከወገቤ በቀር የሚያማርረኝ የለም።

ባለፈው በልጅሽ ስልክ ደውለሽ፣ «ክረምቱ ይውጣና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ጓንቴን ለሰው እንዳትሰጥብኝ፣ የቅዳሜ ሥራችን ይጠብቀኛል» ስትይኝ መልስ አልሰጠሁሽም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሄሎ! ሄሎ!» ስትይ ሰምቼሻለሁ። አልተቋረጠም ነበር።

በማግስቱ ልጅሽ ለብቻዋ ደወለች። «ጋሼ፣ እርስዎን ትሰማለች። ባዶ ቤት ገብታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እባክዎ አትምጪ ይበሉልኝ» አለችኝ። «ቤቷ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልልም» ብዬ ቆጣ አልኩባት። ይቅርታ በይልኝ።

ዛሬ ግን ያንኑ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ። አትምጪ። ምክንያቴ ጉልበትሽ አይደለም። ምክንያቴን ከሥሩ ካልነገርኩሽ ደግሞ ተነስተሽ ትመጫለሽ፤ ስለዚህ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ስጀምር ታገሺኝ።

ድልድዩ ሥር ያለው ቱቦ የተደፈነ ዕለት ትዝ ይልሻል? ውሃው መንገዱን ሞልቶ የልብስ ሰፊው ደጃፍ ደርሶ ነበር። ሰው ሁሉ በየበረንዳው ቆሞ ማዘጋጃ ቤቱን ይራገማል። አንቺ ቀሚስሽን ወገብሽ ላይ ሸብ አድርገሽ፣ ከሆስፒታል ይዘሽው የወጣሽውን ያን ረጅም ጓንት አጥልቀሽ ቦዩ ውስጥ ገባሽ። ፌስታሉን በክንድሽ ሙሉ እየጎተትሽ ስታወጪ እኔ ከላይ በጃንጥላ ተጠልዬ፣ «ከሥሩ ነው መጀመር ያለብሽ፤ ከላይ ስትስቢው ይበልጥ ይጠብቃል» እያልኩ አስረዳሻለሁ።

ቀና አልሽና፣ «ቲቸር፣ ወይ ውረድ፣ ወይ ጃንጥላውን ለእኔ ያዝልኝ!» አልሽኝ።

ወረድኩ። በጎ ፈቃደኛ የሆንኩት እንደዚያ ነው፤ ፈቃዴን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የእኛ ሆነ። ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር እየተሰበሰብን ከየቦዩና ከየጥጋጥጉ የለቀምነውን እንለያለን። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፦ ክዳኑ ይወልቃል፣ ወረቀቱ ይላጣል፣ ጠርሙሱ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በእግር ይጠፈጠፋል። ልብስ ሰፊው፣ «ቲቸር፣ ቆሻሻ እየለቀምን ነው ወይስ ፈተና እየተፈተንን?» ይለኝ ነበር። አልስቅለትም። ውስጡ ጭቃ የቀረበትን ጠርሙስ መልሼ እሰጠዋለሁ፤ እሱም እንደ ተማሪ እያጉረመረመ ድጋሚ ያጥባል።

ያልተሳካልን ማሰሩ ነበር። የተጠፈጠፈ ጠርሙስ ሲታሰር ይነፋል፣ ሲባጎው ይንሸራተታል፣ እስሩ ይበተናል። አንድ ቅዳሜ ምንም ሳትናገሪ ተነስተሽ ወደ ቤትሽ ሄድሽና የመስኮትሽን ሰማያዊ መጋረጃ ይዘሽ መጣሽ። እዚያው ቆመሽ እንደ ፋሻ ቀደድሽው።

«መጋረጃሽን?» አልኩሽ ደንግጬ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሆነን ያላየኸው ምን ቀረኝ?» አልሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ልብስ ሰፊው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ጋለ፤ የጠርሙስ ወረቀት መላጤን ቀጠልኩ። ያን ዕለት ልመልስልሽ የሚገባኝን መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ቋጠሮውንም ያስተማርሽን ያን ቀን ነው። ጨርቁን አጥብቆ መጠቅለል፣ አንዴ መሻገር፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ደብቆ ማስተኛት። «በሽተኛዬ ከነአልጋው ቢገለበጥ እንኳ ይሄ አይፈታም» አልሽ። ሁላችንም ለመድነው፤ መጋረጃሽ ሲያልቅም ልብስ ሰፊው ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ያመጣልን ነበር። ልብስ ሰፊው ግራኝ ስለሆነ ጫፉን በተቃራኒው በኩል ይደብቀዋል። «ትክክሉ የእኔ ነው፣ ግራኞቹ እናንተ ናችሁ» እያለ ይኩራራብን ነበር።

ቀትር ላይ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ይመጣል። ሾፌሩ ሌላውን ቆሻሻ በአካፋ እየወረወረ ይጭናል፤ የእኛን እስሮች ግን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀብሎ አንድ ጥግ ይደረድራቸዋል። መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ቆመን እናይና እጃችንን ታጥበን እንለያያለን። ከመታጠፊያው በኋላ ያለውን አንድም ቀን አልጠየቅንም። እድሜዬን ሙሉ ተማሪ «መልሱ ይሄ ነው» ሲለኝ «አሠራሩን አሳየኝ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ይህን ግን አልጠየቅኩም። ፕላስቲክ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ይወስደዋል ተብለን ነበር፤ አመንን።

አንቺ ልጅሽ ዘንድ በሄድሽበት ቀን ከወሰደሽ መኪና መስኮት እጅሽን አውጥተሽ፣ «ቅዳሜን አደራ» አልሽኝ። የቤትሽንም ቁልፍ ያን ጊዜ ሰጠሽኝ፤ «አንዳንዴ መስኮቱን ከፍተህ አናፍስልኝ» ብለሽ። ሁለቱንም አደራ ጠብቄያለሁ። የመጀመሪያውን እንዴት እንደጠበቅኩት ነው የምነግርሽ።

ከአንቺ በኋላ ሰዉ አንድ በአንድ ቀረ። አንዷ ልጅ ወለደች፣ አንዱ ቤት ቀየረ፣ ሌላው መጀመሪያ ሰላም ብሎን ያልፍ ነበር፣ ኋላ በዚያ በኩል ማለፍም ተወ። በመጨረሻ እኔና ልብስ ሰፊው ቀረን። ቢሆንም በየሳምንቱ ለመኪናው የምንሰጠው አላጣንም።

ከዚያ የዘንድሮው ክረምት ዝናብ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስ ሰፊው በሩን ሳይዘጋ እየሮጠ መጣና፣ «ቲቸር፣ ውሃው ገብቷል! ቱቦው ተደፍኗል!» አለኝ። ጫፉ የተቆለመመ ረጅም ብረት ይዘን ወረድን። የቱቦው አፍ ላይ ብረቱ አንድ ከባድ ነገር ያዘ። ሁለታችን ተጋግዘን ሳብነው።

እስር ነው። የታጠበ፣ የተላጠ፣ የተጠፈጠፈ፣ በሰማያዊ ጨርቅ የታሰረ። ቋጠሮው ንቅንቅ አላለም።

ልብስ ሰፊው ዝናቡ በፊቱ እየወረደ ሳቀ። «ቲቸር! የሲስተር በሽተኛ ተመልሶ ሆስፒታል ገባ!» አለ።

ሁለተኛውን ሳብን። ሌላውንም። ከዚያ አንዱን አንስቶ ገልብጦ አየውና መሳቁን አቆመ። ጫፉ በተቃራኒው በኩል ተደብቋል። የራሱ እጅ ነው።

ሲስተር፣ ይህን በደንብ አንብቢው፤ በአንዴ አልዋጥልሽ ካለ ድገሚው። ብቻውን የሚንሳፈፍ ጠርሙስ በቱቦው ውስጥ አልፎ ይሄዳል። የታሰረው ግን አያልፍም። አፉ ላይ ይሰካል፤ ፌስታሉና ቅጠሉ እላዩ ላይ ይከመራል። የልብስ ሰፊውን ቤት ያጥለቀለቀው ያልሰበሰብነው ቆሻሻ አይደለም። እኛ አጥበን፣ አስረን፣ በክብር የሸኘነው ነው። አሠራራችንን ደጋግሜ መረመርኩት፤ አንድም ስህተት የለበትም። መልሱ ነው የተሳሳተው።

የስፌት መኪናው እስከ መዘውሩ ውሃ ውስጥ ነበር። ሊሰፋቸው የተቀበላቸውን የሰው ልብሶች አጥቦ ተኮሳቸው፤ ካውያው በነካቸው ቁጥር የቦዩ ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር እየወጣ ቤቱን ሞላው። ከጎኑ ቆሜ ነበር። አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ሁለታችን ቦዩን ተከትለን ወደ ላይ ወጣን። ከሰፈሩ በላይ ያለውን ገደል ታውቂዋለሽ። አፋፉ ላይ የመኪና ጎማ ዱካ አለ። ወደ ታች ሳይ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። መጋረጃሽ ነው።

ቅዳሜ ሾፌሩን ጠበቅኩት።

«ልጄ፣ የእኛን የት ነው የምታደርሰው?» አልኩት።

ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ። ከዚያ፣ «አባቴ፣ ፋብሪካው ተዘጋ እኮ። ጫን ነው የሚሉኝ፤ የት እንደማራግፍ የነገረኝ የለም» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«እንዴት ልንገራችሁ? አጥባችሁ ነው እኮ የምትሰጡኝ!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናቴም እቃ እንደዚህ አታጥብም። ቆማችሁ ስታዩኝ… በእናንተ ፊት መወርወር አቃተኝ፤ ሌላ የቻልኩት ነገር የለም።»

ሂድ አልኩት።

ማዘጋጃ ቤትም ሄጄያለሁ፤ አልቀረሁም። አንድ ከረባት ያሰረ ልጅ ወንበር ስቦልኝ በትሕትና አዳመጠኝ። «ያነሱት ሐሳብ ገንቢ ነው። እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አለኝ። መውጫዬ ላይ የታሸገ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሰጠኝ። ጠምቶኝ ስለነበር ጠጣሁት። ጠርሙሱን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ባለሱቁንም ለመንኩት። ፌስታል መስጠቱን ቢቀንስ ብዬ። «ቲቸር፣ እርስዎን እኔ አከብርዎታለሁ። ግን እኔ ካልሰጠሁ ማዶ ያለው ይሰጣል፤ ደንበኛዬ እንቁላሉን በኪሱ ይዞ ይሂድ?» አለኝ። እንቁላል ልትገዛ የቆመች ሴት ሳቀች። እኔም እንደ ሞኝ አብሬ ሳቅኩ።

ልብስ ሰፊው ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ደጁን ሳልፍ፣ «ቲቸር፣ ቡና ልጋብዝዎ፤ ብቻ ስለ ጠርሙስ አያውሩኝ» ይለኛል። ቡናውን እጠጣለሁ። ስለ ጠርሙስ አላወራም።

አሁን ወደ ምክንያቴ ደረስኩ።

ዝናብ በጣለ ቁጥር እስሮቹ ከገደሉ እየወረዱ ይመጣሉ። ከቱቦው አፍ አወጣቸዋለሁ፤ ካላወጣኋቸው ውሃው እንደገና ልብስ ሰፊው ቤት ይገባል። ካወጣኋቸው በኋላ ግን ምን ላድርጋቸው? ለመኪናው ብሰጣቸው ገደሉ ውስጥ ነው። መጠለያው ሥር ባስቀምጣቸው ሰፈሩ አይጥ አመጣህብን ይለኛል፤ እውነቱን ነው። ላቃጥላቸው ብል ጭሱ የሚገባው ሕፃናቱ ሳንባ ውስጥ ነው፤ እሱን ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። ስለዚህ ቤቴ አስገባኋቸው። መጀመሪያ አልጋዬ ሥር፣ ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ። አሁን ከአልጋዬ እስከ በሩ የምሄደው በጎን ነው።

የእኔ ሲሞላ ቁልፍሽን አነሳሁ።

ላናፍስ እንጂ ላከማች አልነበረም የሰጠሽኝ። መጀመሪያ አንድ ረድፍ ብቻ ነበር፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን። አልጋሽ ላይ በፍጹም አላደርግም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት አልጋሽ ላይ አደረግኩ። አንሶላውን አንስቼ አጥፌ፣ የቆየ ጋዜጣ አንጥፌ ነው። በደንብ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ቋጠሮዎቹ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ናቸው። መስኮቱም ተሸፍኗል። መጋረጃ ካጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጡ ከውጭ አይታይም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጠርሙሶቹ ውስጥ አልፋ ወለሉ ላይ ስታርፍ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። የምቀመጥበት የለም።

እንግዲህ ልጅሽ የለመነችኝን አልኩልሽ፤ ብትመጪ የምትገቢበት ቤት የለሽም። ቅዳሜም የለንም። የሚጠብቅሽ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ብሆን የአደራ ቤትሽን በቆሻሻ የሞላሁ ሰው ነኝ።

ብትመጪ ደስ የማይለኝ እንዳይመስልሽ። በደጅሽ ሳልፍ ከሳሎንሽ የሬዲዮ ድምፅ የምሰማ እየመሰለኝ እቆማለሁ። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላዬን ይዤ ቦዩ ዳር እሄዳለሁ፤ ከታች ሆኖ ውረድ የሚለኝ የለም። ይህን ፊት ለፊትሽ ቆሜ አልነግርሽም ነበር፤ ወረቀት ላይ ነው የደፈርኩት።

አልጋሽን ባዶ ለማድረግ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ክንዴ አሁንም ይሠራል። ትናንት ጀምሬም ነበር፤ አንዱን እስር አቅፌ እስከ ደጁ ወጣሁ። ቀኝ ብል ቱቦው ነው፤ ግራ ብል መኪናው። ትንሽ ቆምኩና መልሼ ይዤው ገባሁ።

አንድ ቦታ ታውቂ እንደሆነ፣ አንድ ብቻ፣ ጻፊልኝ። ያን ዕለት አልጋሽን አንጥፌ፣ መስኮትሽን ከፍቼ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። የት ላድርጋቸው? እሱን እስክትነግሪኝ ድረስ ግን፣ ሲስተር፣ አትምጪ።

ጎረቤትሽ፣
ቲቸር

ሳልረሳው፦ ጓንትሽን ለማንም አልሰጠሁትም። እኔው ነኝ የማጠልቀው፤ ይጠበኛል።