ቀይ ፌስታል የታሰረባት ጀሪካን

ሰኞ፣ ግንቦት 11። ከሰዓት 10፡20

ብረት መቁረጫው ግራይንደር ዛሬም ዘለለ። በዚህ ወር ሦስተኛው። መብራት ጠፋ፣ አጎቴ አብዲ ማሽኑን ሳያጠፋ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎት ጫቱ ጋ ሄደ። መብራት ሲመለስ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ግራይንደሩም አብሮ ደስ አለው መሰለኝ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ ብልጭታ እየረጨ ግቢውን ይዞር ጀመር። ዶሮዋ ከአብዲ ቀድማ ሸሸች። ከሁለቱ ብልህ እሷ ናት።

ማብሪያውን በካላማዳሪ ላስቲክ አስሮታል። ተጭኖ መያዙ ጣቱን ያደክመዋላ! እንዳይደክም እንጂ እንዳይቆረጥ አያስብም። የዲስኩን መከለያ ከፈታው ዓመት አለፈው፤ መስመሩን ይጋርድብኛል ባይ ነው። ሲበይድ ዓይኑ ላይ የፀሐይ መነጽር፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ። ጅቡቲ ባሕር ዳር ሊዝናና የወጣ ነው የሚመስለው።

አያቴ አባባ ኢብራሂም ከወንበሩ ሳይነሳ «አታንሲዮን!» አለ። ተጠንቀቁ ማለት ነው። ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ፣ ጡረታ ሲወጣ ፈረንሳይኛውን ይዞ ወጣ። በቀን አርባ ጊዜ ይላታል። ለዶሮዋም ይላታል።

ሌላ። ደብተሬ፣ ይሄ ለአንቺ ብቻ፦ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

እማዬም ሸቷታል። ግን ስምንተኛ ወሯ ስለሆነ ማንም አያምናትም፤ ባለፈው ሳሙናው ዓሣ ዓሣ ይላል ብላ ነበር። አብዲ የቀለም ቲነር ነው አለ። አባባ ምንም አይሸትም አለ። እሱማ አፍንጫውን ሱረት ከጨረሰው ቆየ፤ ሽንኩርት ሲያር እንኳ አያውቅም። ታች ያለው ሱቅ በቤንዚን ከተቃጠለ ጀምሮ ቤንዚን እዚህ ግቢ አይገባም የሚል የእማዬ ሕግ አለ። ስለዚህ አንዱ ይዋሻል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12። ከት/ቤት መልስ

ተጠርጣሪ፦ ዚያድ። ተከራያችን። ባጃጅ ነጂ። ከተማው ለቤንዚን ሁለት ቀን ሲሰለፍ የሱ ባጃጅ ቆማ አታውቅም። ከየት አመጣህ ሲሉት «አላህ ይሰጣል» ይላል። በጀሪካን ነው እንዴ የሚሰጠው?

በመስኮቱ አጮለቅሁ። ፍራሽ፣ ትርፍ ጎማ፣ የኳስ ተጫዋች ፎቶ። ቤንዚን የለም። በጣም ንጹሕ ክፍል ነው፤ ይሄም ያጠራጥራል።

ከዚያ ግቢያችን ያለችው የኒም ዛፍ ሥር ሄድኩ። ውሃ በአምስት ቀን አንዴ ስለምትመጣ የዘይት ቢጫ ጀሪካኖቻችን እዚያ ጥላ ላይ ነው የሚሰለፉት። አሥር ናቸው። የምሞላቸው እኔ ነኝ፣ ወገቤ ያውቃቸዋል።

ዛሬ አሥራ አንድ።

መጨረሻዋ አንገቷ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮባታል። ክዳኑን ትንሽ ፈታ አደረግኩ። ወላሂ ዓይኔ እንባ አዘለ። ቤንዚን፣ እስከ አፏ!

ለማንም አልተናገርኩም። ሌባ በማስረጃ ነው የሚያዘው። አባባ ወንበሩን እዚያው አስጠግቶ ተቀምጧል፤ ጥላ ፍለጋ ይሆናል። ፈረንሳይኛ ካላስጠናሁሽ አለኝ። በሩ ጋ በሁለት የቀለም ጣሳ አሸዋ አስቀምጧል፣ ከደቻቱ ወንዝ ያስመጣው፣ ለእሳት ጊዜ። ሳብል በይ አለኝ። ሳብል። አሸዋ ማለት ነው። የዘይትና የቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ያፈሰሰ ሰው እሳቱን ራሱ ተሸክሞ ያዞረዋል አለኝ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ለጊዜው በሳብሉ የምትጠቀመው ዶሮዋ ናት፣ እንቁላል ትጥልበታለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ዚያድና አባባ በር ላይ ይንሾካሾካሉ። እኔን አዩኝ። አባባ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ።

ከረሜላ! አባባ ከረሜላ የሚሰጠኝ የሚደብቀው ነገር ሲኖር ነው። ባለፈው ሐኪም የከለከለውን ጨው ሲበላ ይዤው ሁለት ሰጥቶኛል። ግን ዛሬ ምን ሊደብቅ? እንደገባኝ ዚያድ የሆነ ነገር እየዋሸው ነው። ሽማግሌ ማታለል ቀላል ነው፤ እኔ በየቀኑ አደርገዋለሁ።

ከረሜላውን በላሁ። ጥርጣሬዬ እንዳለ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14። ከሰ. 11፡00

ዘዴ አገኘሁ። ደብተሬ፣ ተቀመጪ።

የቀይ ፌስታሉን ነገር የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፌስታሉን ፈትቼ የውሃ ጀሪካን ላይ አሰርኩት፣ መጨረሻ ላይ አቆምኳት። ቤንዚኗን ሦስተኛ ቦታ ከውሃዎቹ መሃል ከተትኳት። አሁን ዚያድ ተደብቆ ይመጣል፣ ቀይ ምልክቷን ያነሳል፣ ባጃጁን ውሃ ያጠጣል። ባጃጇ መጋላ ገበያ መሃል ቆማ ስታስል ይታየኛል! ሰው ከቦት፣ አንዱ ግፋ፣ አንዱ ሳብ። እኔ ከሩቅ ቆሜ፣ በጣም አዝኜ።

አደጋ? አስቤበታለሁ። ሦስተኛዋን እኔ አውቃታለሁ። እማዬ ጀሪካን አታነሳም። ከሰዓት ግቢውን ውሃ የምረጨው እኔ ነኝ። አብዲ ጀሪካን ካነሳ ዝናብ ይዘንባል።

አርብ

አልችልም። እጄ ይሸታል። ነገ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16። ጠዋት

ልጻፍ። በተራ።

ትናንት የፊዚክስ አስተማሪያችንን ጄኔሬተር አድርጌ ሥዬው፣ ጭሱ በጆሮው ሲወጣ፣ ተያዝኩ። ሁሉም ሲወጣ እኔ ሰሌዳ ሳጸዳ ቀረሁ። አርባ ደቂቃ።

አርባ ደቂቃ ውስጥ የሆነው፦ አባባ ከጁምዓ መጣ። ጓደኞቹ ለበርጫ፣ ጫት ሊቅሙ፣ ሊመጡ ነው፣ ምንጣፍ ሳይነጠፍ በፊት ግቢው መረጨት አለበት፣ አቧራው እንዲተኛ፣ ምድሩ እንዲበርድ። እኔ የለሁም። እማዬ ትንሹን ወንድሜን አቅፋ ውስጥ ተኝታለች። መብራት የለም። አብዲ ከጠዋት ጀምሮ የሰው በር ቀለም ሲቀባ ውሎ ግቢው ቲነር በቲነር ሆኗል፤ ሌላ ሽታ የሚለይ አፍንጫ የለም። አባባ እጅጌውን ሰብስቦ ቀይ ፌስታል ያላትን ተጠንቅቆ አለፋት። ሦስተኛዋን አነሳ። ሳፋ ላይ ገለበጣት። በእጁ እየዘገነ ረጨ።

በሩን ስከፍት ሽርጡ ጫፉ ድረስ ረጥቧል። ፊቱ ልጅ መስሏል።

«ሃናን! ነይ እስቲ እጅሽን ክተቺ፤ ዛሬ ውሃው እንዴት ይቀዘቅዛል!»

ቤንዚን ሸተተኝ። አፌን ከፈትኩ። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» አለ።

ግራይንደሩን አየሁት። ጠረጴዛው ላይ፣ ላስቲኩ እንደታሰረ። ዘለለ።

እሳት ይሮጣል ሲባል ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ምድሩን እየላሰ መጣ። የአባባ ሽርጥ ላይ ሲደርስ ቢጫ ሆነ። አብዲ የውሃ ጀሪካን አንስቶ ሮጠ። አባባ እየነደደ «ሳብል! ሳብል!» ይላል። አብዲ ምን እንደሚል አልገባውም፣ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ።

እኔ ገባኝ። ዶሮዋን ከጣሳው ወርውሬ አሸዋውን ወደ ቤቱ በር በሚሄደው እሳት ላይ ደፋሁት። ሁለተኛውንም። አንድ እንቁላል አብሮ ሄደ። አብዲ ምንጣፉን አባባ ላይ ጠቅልሎ ጣለውና ላዩ ላይ ተኛበት። ዚያድ ከመንገድ ሰምቶ መጣ፣ በባዶ እጁ አፈር እየዛቀ። እማዬ ሆዷን ይዛ ደፍ ላይ ቆማ ነበር፣ ወንድሜ ከቀሚሷ ሥር። እሳቱ የቆመው ከእግሯ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ዛሬ ለካሁት።

አባባ፦ ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ ሁለት ጣቱ። ሐኪሙ ይድናል ብሏል፣ ቀስ ብሎ። ሆስፒታል የወሰደው ዚያድ ነው።

ቅዳሜ፣ ከሰ.

እማዬ ዚያድ ላይ ጮኸች። ቤንዚኑ ያንተ ነው፣ ልጆቼን ልትፈጅ ነበር፣ ዕቃህን አውጣ። ዚያድ መሬት መሬት ያያል። አባባ ከአልጋው ሆኖ ተዪው አላት። የኔ ነው አለ። እኔ ነኝ ያስገዛሁት።

ለምን አባ? አለች እማዬ።

ወንድሜ የተወለደው ጋሪ ላይ ነው። እማዬን ምጥ የያዛት ቀን ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጅ ሁሉ የለኝም ብሎ፣ በፈረስ ጋሪ ስትሄድ ድልድዩ ላይ መጣ። እኛ «ጋሪው» እያልን እንስቅበታለን። አባባ ለካ ስቆ አያውቅም። ያን ቀን ጋሪውን ከኋላ እየገፋ በእግሩ ሄዶ ነበር። አሁን ደግሞ ወሯ ሲገባ፣ ባጃጁ እንዳይቆም አንድ ጀሪካን አስቀምጥልኝ ብሎ ዚያድን ለመነው። እማዬ እንዳታውቅ። ከውሃው እንዳይቀላቀል ፌስታሉን በእጁ አሰረባት።

እማዬ አለቀሰች። አብዲም አፍንጫውን ጠረገ። የግራይንደሩን ላስቲክ ጠዋት በቢላዋ ቆርጦታል፣ ማንም ሳያዘው። ዲስኩ አሁንም መከለያ የለውም፤ ፈልጌ አገኘዋለሁ ይላል።

ከዚያ አባባ የተጠቀለለ እጁን እያገላበጠ እያየ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔው አስሬ፣ እኔው ረጨኋት» አለ። «ጭንቅላቴ ሄዷል ማለት ነው።»

አልሄደም። መናገር ነበረብኝ። ውሃ ልቅዳልህ አልኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 17። ከጠዋቱ 4፡00

ሁሉም ያየኛል። ወይ እኔ ነኝ የሚመስለኝ። እማዬ ለምን አትበዪም አለች፤ ምን ማለቷ ነው? ዶሮዋ ራሷ ከርቀት ነው የምታልፈኝ።

ዚያድ ጠዋት ባጃጁን ሲጠርግ ጠራኝ። አጠገቡ ስደርስ ቀና አላለም።

«ሃናን። ፌስታል እግር የለውም፣ አይደል?»

«አቦ ምን አውቄ።»

«እኔም ምን አውቄ» አለና መጥረጉን ቀጠለ።

ያውቃል። ለማንም አልነገረም። ሳምንቱን ሙሉ ሌባ ስለው የከረምኩት እሱን ነው። ቢናገርብኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ከቀኑ 7፡30

ከዙሁር ሶላት በኋላ የአባባ ሁለት የምድር ባቡር ጓደኞች መጡ። እማዬ፣ አብዲ፣ እነሱ፣ አልጋውን ከበው ተቀምጠዋል። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሰማለሁ። በፍቅር ነው የሚያወሩት፣ ይሄ ነው የሚያስጠላው። ብቻውን እንዳይውል። ምድጃ እንዳይነካ። ሕፃኑ ሲወለድ ብቻውን እንዳይሰጠው። አንደኛው ሽማግሌ፣ ራሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬ የት አለ የሚለው፣ ዕድሜ ነው ምን ይደረጋል ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

አባባ አልተከራከረም። ዕድሜ ልኩን ሲከራከር የኖረ ሰው! የቤቱን ቁልፎች ከወገቡ ፈትቶ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠ። ሕፃኑን ተቀምጬ ብቻ ልያዘው፣ ሰው አጠገቤ እያለ፣ አለ። ከትናንት ጀምሮ አንድም ጊዜ «አታንሲዮን» አላለም። ቆጥሬያለሁ። ዜሮ።

ደብተሬ፣ የሐሙሷን ገጽሽን ልቀድዳት ነበር። ጥግዋን ይዤ ትንሽ ጀምሬያለሁ፣ ይቅርታ። ብቀድዳት ማንም አያውቅም። ዚያድ አይናገርም። አባባ ደግሞ ቀሪ ዕድሜውን ሙሉ አእምሮዬ ከዳኝ እያለ ይኖራል፣ እኔም ውሃ እየቀዳሁለት።

እማዬ ምን እንደምታደርገኝ አላውቅም። አብዲ ይጮሃል። ሽማግሌዎቹ ለዓመት ያወሩብኛል፣ የሚገባኝ ነው፣ ስንት ጊዜ ሥያቸዋለሁ።

አባባ ዓይኑ ደክሟል፣ ጋዜጣም የማነብለት እኔ ነኝ። የሐሙሷንም ገጽ እኔው አነብለታለሁ። በነሱ ፊት፣ ባጃጇ የምታስልበትን ቦታ ጭምር፣ ምንም ሳልዘል። መጀመሪያ ግን ቁልፎቹን አንስቼ ወገቡ ላይ መልሼ

አብዲ ማን ነው በሩ ጋ አለ። ጣቴ ሐሙስ ላይ ነው። ልገባ ነው