ታምሩ ውሸት አያውቅም

አባዬ ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት አትጠይቀኝ። ሁልጊዜ «እንደምን አለህልኝ» ብዬ እጽፍና እዚያው ላይ እቆማለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ ደስ ይልህ ነበር፤ ግን እንዳለ አይደለም። በረንዳው ላይ ቆርቆሮ ጨምረናል። ከጓሮው ማንጎ አንዱ ቅርንጫፍ ደርቋል። እኔ ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ነፍሷን ይማርና ከእማዬ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ እየሳቅኩ ነው። ያኔ ከሞትክ ገና አንድ ወር አልሞላህም ነበር፤ ፎቶ አንሺው «ሳቂ እንጂ፣ ተመርቀሽ የለም እንዴ» ሲለኝ ሳቅኩለት።

ጎሚስታው አልተዘጋም። ወንድሜ ታምሩ እዚያው ነው። ያንተን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይከፍታል፣ አንድ ደቂቃ አያሳልፍም። ጎማውን ከበርሜሉ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን ሲፈልግ ፊቱ ላይ የሚታየውን ጸጥታ ታስታውሳለህ አይደል? እሱ አልተለወጠም። የጠፋው ያንተ ድምፅ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ጎማውን ሲሠራ አንተ ሰዉን ታወራ ነበር። ሾፌር ሲመጣ «እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው? ጣርማ በር ጭጋግ ነበረው?» ትላለህ፤ ታምሩ ቀና ሳይል የጎማውን ዳዶ ይፈታል። ዝም ሲላቸው ቅር ያላቸው ካሉ «ተወው፣ የእሱን ድርሻ እኔ ነኝ የማወራው» ትላቸው ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሾፌሮቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። አንዱ ረዳት «እዚህ ቤት ከጎማው ጋር ነው እንዴ የምንነጋገረው?» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ሌላው ታምሩን ሰው የናቀ መስሎት መኪና የሚያነሳበትን ክሪክ መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ።

እውነቱን ልንገርህ፣ የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም። እኔ መሄድ ፈልጌ ነበር። ኮምፒውተር ተምሬ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ በወንድሜ ፈንታ ማውራት ሕይወቴ ሊሆን ነው ብዬ ሳስብ የሥራ ማስታወቂያ አገላብጣለሁ። ስለዚህ ታምሩ ራሱን ችሎ ከሰው ጋር እንዲነጋገር የማደርግበትን መንገድ መፈለግ ጀመርኩ፤ ለእሱ ብዬ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በስልክ ኦቲዝም የሚባል ነገር እንዳለና የታምሩም እሱ እንደሚመስለኝ የነገርኩህ ጊዜ ትዝ ይለኛል። አንተም «ስም ካለው ጥሩ፤ ብቻውን አይደለም ማለት ነው» አልከኝ።

ብቻውን አልነበረም። አዲስ አበባ ያለች አንዲት አሠልጣኝ ኦቲዝም ላለባቸው አዋቂዎች በኢንተርኔት የመግባባት ሥልጠና እንደምትሰጥ አገኘሁ። ስድስት ሰዎች ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ተሰብስበው ይጻጻፋሉ፣ መስመሩ ሲፈቅድ ይነጋገራሉ። የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት ታምሩን ይዤ ኢንተርኔት ቤት እመላለስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዞረው። በሁለተኛው ቀን በአንድ ጣቱ «መስመሩ አራት ጊዜ ተቋርጧል» ብሎ ጻፈ። አሠልጣኟም «ስለቆጠርክልን አመሰግናለሁ፣ እኔ ሦስቱን ብቻ ነው ያስተዋልኩት» አለችው። ከዚያ በኋላ አልቀረም።

እኔ ግን ቸኮልኩ። ያንተን አነጋገር በካርቶን ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለትና በቃሉ እንዲይዘው አደረግሁ። ያዘው። ከአዲስ አበባ አንድ አይሱዙ መጥቶ እንደቆመ ታምሩ «እንዴት ዋልክ ቤተሰብ ደህና ነው ጣርማ በር ጭጋግ ነበረው» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው፤ መልስ ሳይጠብቅ ጎማው ሥር ገባ። ሾፌሩ «ሬዲዮ ነው እንዴ የተከፈተው?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ቃሉ ያንተ ነበር፤ አንተ ግን ውስጡ አልነበርክም።

ይህን ለአሠልጣኟ ስነግራት አልሳቀችም። «የአባቱን ቃል ሰጠሽው፤ የራሱ የትኛው ነው?» አለችኝ። ታምሩ ሦስት ሳምንት አሰበበት። ከዚያ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይዞ መጣ፦ «ተቀመጥ። ቀዳዳውን እፈልጋለሁ። ሲያልቅ እነግርሃለሁ።» በቃ። ለሹሙም ለረዳቱም «ተቀመጥ» ነው፤ አንቱታውን እንኳ አልቻልነውም። ሾፌሮቹ ግን ተቀመጡ። ምን እንደሚሠራላቸውና መቼ እንደሚያልቅ ካወቁ ሌላውን አልፈለጉትም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

አንድ ቀን አሠልጣኟ ለሁሉም የቤት ሥራ ሰጠች፦ ለሰው የሆነ ነገር ነግራችሁ ያ ሰው ተቆጥቶ ያውቃል? ምን ነበር? ታምሩ አጠገቤ ተቀምጦ ፊደሎቹን እየፈለገ ጻፈ። እኔም ከትከሻው በላይ አነበብኩ።

«ለእህቴ ደውዬ አባዬ ሞቷል አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።»

አባዬ፣ ይህን አታውቅም። አንተ የወደቅክ ቀን፣ ጎማው አጠገብ እንደተቀመጥክ ልብህ ቀጥ ያለች ቀን፣ ዘመዶች ተሰብስበው «ልጅቷ ደሴ ፈተና ላይ ናት፣ እንዳትሰማ» ተባባሉ። እንደ አገሩ ወግ ነው፤ መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ሰው ከብቦ ነው የሚነገረው። ታምሩን ግን «አትንገራት» ያለው ሰው አልነበረም። እሱ ያንተን ስልክ አንስቶ ደወለልኝ። ስምህን ስልኬ ላይ ሳይ ደስ ብሎኝ አነሳሁ። «አባዬ ሞቷል። ዛሬ በሰባት ሰዓት» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር፣ ለቅሶ የለውም። ዘጋሁበት። ወዲያው አክስቴ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ፤ እሷም «ምን ሟርት ነው! ትንሽ አሞት ነው፣ ፈተናሽን ጨርሺ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ።

እሷን አመንኩ። ታምሩ በዕድሜው አንድም ቀን ዋሽቶ እንደማያውቅ እያወቅሁ፣ አንተ ራስህ «ታምሩ ውሸት አያውቅም፣ ጎማው ካለቀ አልቋል ነው የሚልህ» እያልክ እያሳደግኸኝ፣ የማያባብለውን ትቼ የምታባብለውን አመንኩ። በማግስቱ አንተ አፈር ስትለብስ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። በአምስተኛው ቀን ሊወስዱኝ መጡ። ካራቆሬን አልፈን፣ አጣዬን አልፈን፣ ጀውሃ ስንደርስ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ያኔ ገባኝ።

ዓመት ሙሉ የተቆጣሁት ታምሩን ነው። ክፉ ነገር እንዲያ ይነገራል ወይ እያልኩ። ያን ቀን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው የገባኝ፤ እኔ ቀብርህ ላይ እንድደርስ የፈለገ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ላይ ስልክ ዘጋሁበት።

ይህን ለእሱ ለመንገር አፍ አጣሁ። የመግባባት ሥልጠናው ለማን ኖሯል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሰይድ መጡ። የካራቆሬው፣ ካንተ ጋር ሲቀልዱ የሚውሉት። ሁለት ዓመት በጅቡቲ መስመር ላይ ነበሩ፣ ምንም አልሰሙም። ከመኪናቸው ሳይወርዱ «የታል ያ ለፍላፊ?» ብለው ጮሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ደነገጠና «አገር ቤት... ወጣ ብሏል» አለ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። እኔም ልዋሽ ነበር፣ አባዬ።

ታምሩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጣ። ያንተን በርጩማ አቀረበ። «ተቀመጥ» አላቸው። ተቀመጡ። ውሃ አምጥቶ ሰጣቸው፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ «አባዬ ሞቷል። ዓመት ከሦስት ወር ሆነው። እዚህ ጋ ነበር» አለ፣ በጣቱ ቦታውን እያሳየ። ከዚያም አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አልሸሸም።

ጋሽ ሰይድ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፈኑ። ብዙ አለቀሱ። ሲነሱ የታምሩን ራስ ነካ አድርገው «ወላሂ፣ አንተ ባትነግረኝ ሰላም በሉልኝ ብዬ ልሄድ ነበር፣ ለሞተ ሰው» አሉት።

ማታ ራት ላይ ነገርኩት። «ስልኩን የዘጋሁብህ ስለፈራሁ ነው። አንተ እውነቱን ነግረኸኝ ነበር። አጥፍቻለሁ» አልኩት። እንጀራውን ማጣጠፉን ሳያቆም «እሺ። አሁን ገባኝ» አለኝ። ቀጥሎም «በሚቀጥለው ጊዜ ውሃ ካለሽ ጠጪ እልሻለሁ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ» አለ። አንተ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር።

አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ታምሩ ጠዋት ሲከፍት አንድ፣ ማታ ሲዘጋ አንድ መልእክት ይልክልኛል። እትዬ ብርቄንም ከዚህ ቤት ክፉ ነገር ቢመጣ የሚነግረኝ ታምሩ እንጂ ሌላ ሰው እንዳይሆን ለምኛታለሁ። ቅር እያላት ተስማማች።

እና አባዬ፣ የቀረኝን ነገር ልበልህ። እንደምን አለህልኝ አልልህም። ተቀምጫለሁ፣ ውሃም ጠጥቻለሁ። ሞተሃል። ልጅህ አልቀበረችህም። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር፣ የማያባብል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አስብሃለሁ፤ ያን ድምፅም ከእንግዲህ አልዘጋበትም።

ልጅህ ሰናይት